የጎደለው አርባ አራት ቮልት

ፀሐይቱ ክፉ ነገር ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ነው ዕድሜዋን የገፋችው፤ አብዛኛውም አልመጣም። አንድ ጊዜ ለሰርግ የተተከለ ዳስ በነፋስ ይወድቃል ብላ ሙሽሮቹን ከነአጃቢዎቻቸው ጎረቤት ቤት አስገባች፤ ያን ቀን ቅጠል እንኳ ሳይንቀሳቀስ መሸ። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ሰው “እቴ ምናልባት” እያለ ነው የሚጠራት። እሷም አትቆጣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እየሰማች ብታድግም፣ ለእሷ ግን ሳይደርስ የቀረው ቀድማ ስለ ፈራችው ይመስላታል።

ለገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ጭድ ታነጥፍ ነበር። የጤፍ ጭዱ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ በላዩ ሰሌን ይዘረጋበታል። ማኅበሩ በየዓመቱ ላሊበላን ሊሳለሙ የሚመጡ አረጋውያንንና ሴቶችን እዚህ ያሳድራል። ከዋግ በእግሩ የሚመጣ አለ፣ በጋሸና በኩል በጭነት መኪና ተጭኖ የሚመጣ አለ። እንግዳው ከደጃፍ እንደ ደረሰ እግሩ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ እህል የሚቀርብለት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የታጎለበት ዓመት የለም። ሲመሽ ደግሞ ከማኅበርተኞቹ ሴቶች ልጆች ሦስቱ ከእንግዶቹ ጋር ያድራሉ፤ የሚያማት ብትኖር፣ የሚጠማት ብትኖር ተብሎ ነው። ዘንድሮ ተራው የማኅሌት ነበር። ማኅሌት የፀሐይቱ ልጅ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ፀሐይቱ ከሷ ሌላ ልጅ የላትም።

በፊት ውኃው የሚሞቀው በእንጨት ነበር። ዘንድሮ በከተማው ዙሪያ የሚቆረጥ እንጨት ጠፋና ወንዴ መላ አመጣ። ወንዴ በአንድ ሆቴል የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሆቴሉ እንግዳ ስላጣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ከዘጋ ቆይቷል። ወንዴ ከዚያ ክፍል ትልቅ የውኃ ማሞቂያ ተውሶ መጣ፤ የሰው ክንድ የሚያህል ጥምዝ ብረት ነው፣ በርሜል ውስጥ ይነከራል። በርሜሉ ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆመ። መብራቱ የሚመጣው ግን ከላይ፣ ከአያ ደባሱ ቤት ነው፤ ቆጣሪው እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አያ ደባሱ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው። ማኅበሩን የሚመሩት እሳቸው ናቸውና ያለ ቃላቸው አንዲት ሰሌን ከቦታዋ አትነሳም።

ከቆጣሪው እስከ አዳራሹ የተዘረጋው ሽቦም የራሱ ታሪክ አለው። ነፍሱን ይማረውና ታፈረ የሚባል ማኅበርተኛ ልጁ ከሞት አፋፍ ስትመለስለት ስለቱን ያገባው በዚህ ሽቦ ነው፤ ስልሳ ሜትር ከነጥቅሉ አምጥቶ ሰጠ። ርቀቱ ሠላሳ ሜትር ብቻ ነው። የስለት ዕቃ ስለሆነ ግን የሚደፍረው ጠፍቶ መቁረጫ ሳይነካው ቀረ፤ የተረፈው ሠላሳ ሜትር በየዓመቱ እንደ ተጠቀለለ ከበሩ በላይ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ዘንድሮ ምስማሩ ከበርሜሉ እንፋሎት አናት ላይ ሆነ። ወንዴ ውኃ እንዳይነካው አሰበና ጥቅሉን አውርዶ ደረቅ ቦታ ፈለገለት፤ ከጭዱ ሥር ቀበረው።

ማሞቂያው ለሙከራ ሲሰካ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ካሉት አምስት አምፖሎች በርቶ የነበረው አንዱ ቢጫ አምፖል እንቅልፍ እንደመጣበት ዓይን ደከመ። ወንዴ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ለበዓል ስለ ሰካ መብራቱ ጉልበት አጥቷል አለ። ፀሐይቱ ግን በተከፈተው በር ወደ ላይ አየች። በአያ ደባሱ በረንዳ ላይ ማታ ሳይጠፋ የቀረ አምፖል ነበር፤ እሱም ቢጫ ነው፤ ፏ ብሏል። ከአንድ ቆጣሪ የወጣ መብራት ላይ ቤት በርትቶ ታች ቤት እንዴት ይደክማል?

“ሽቦው ይግል ይሆን ምናልባት?” አለች።

ሴቶቹ ምናልባት የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን ከጭዱ አንሥተው ሳቁ። ወንዴም አብሯቸው ሳቀ።

“እቴ፣ ለአምፖል እንኳ ያልበቃ መብራት ሽቦ ያግላል? ደካማ መብራት ማንን ያቃጥላል?”

ቀጥሎም በቴስተሩ ላይም ታችም እንደ ለካ፣ በሁለቱም በኩል ሁለት መቶ ሃያ ቮልት እንዳገኘ ነገራት። መቼ እንደ ለካ ጠየቀችው። ማሞቂያውን ከመሰካቱ በፊት ነው አለ። ከዚያ ማሞቂያውን ነቀለና ውኃውን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያሞቀው፣ እንግዶቹ አሥር ሰዓት ላይ ሲደርሱ ዝግጁ እንደሚሆን ለሁሉም ተናገረ።

ፀሐይቱ ቤቷ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የዩኒቨርሲቲ ውጤት ግን አልመጣላትም። ከተማረችው ብዙው ጠፍቷል፤ ማኅሌትን የቤት ሥራ ስታስጠናት ግን አንዳንዱ ተመልሷል። አሁን ዓይኗ ላይ ድቅን ያለው ቀመር ሳይሆን አዳራሹ ነበር። በሩ አንድ ነው። ጭዱ ደረቅ ነው። አሮጊቶቹ ሲነሡ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ማኅሌት ደግሞ እነሱን ትታ የምትሮጥ ልጅ አይደለችም።

ማኅሌትን አመማት ብላ ማስቀረት ትችል ነበር። ቀላል ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ግን ማኅሌት ብትቀር የሌላ ሰው ልጅ ትገባለች፤ አሮጊቶቹም ያው ከጭዱ ላይ ናቸው። ፀሐይቱ ይህንን ሁለት ጊዜ አሰበችው፤ በሦስተኛው አፈረችና ተነሣች። በፍርሃቷ ከሄደች እንደሚስቁባት ታውቃለች። ስለዚህ ዛሬ ፍርሃቷን እቤት ትታ ቁጥር ይዛ ትሄዳለች።

የማኅሌትን የፊዚክስ ደብተር ገለጠች። ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ሬዚስታንስ ይሰጣል፤ ሽቦው የሚያልፍበትን ከረንት ምን ያህል እንደሚቋቋመው ማለት ነው። ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ደግሞ ዋት ይሰጣል፤ ስንት ጉልበት እንደሚበላ። ሁለት መስመር ነው፤ ከዚህ በላይ አያስፈልጋትም። የወንዴ ስሕተትም ገባት። ምንም ሳይሰካ ሲለካ በሽቦው የሚያልፍ ከረንት የለም፤ ማንም ያልሄደበት መንገድ ማንንም አያደክምም። መለካት ያለበት ማሞቂያው እየሠራ ነው።

ማኅሌት ከደጅ ገብታ እናቷን ደብተር ላይ ስታያት ነገሩ ገባት። ጓደኞቿ ፊት እንዳታሳፍራት፣ የዛሬን እንኳ እንድትተወው ለመነቻት። ፀሐይቱ የልጅቷን እስክሪብቶ ከእጇ ተቀብላ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አዳራሹ በር ላይ ደረሰች። ወንዴ ማሞቂያውን ሊሰካ ነበር። አያ ደባሱም ከዘራቸውን ይዘው በድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይቱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ የመጣችበትን ተናገረች፤ ማሞቂያው እየሠራ ሦስት ነገር ይለካልኝ፣ ከዚያ በኋላ አልናገርም አለች። ወንዴ ቴስተሩ የማኅበር መጫወቻ አይደለም ብሎ አጉረመረመ። አያ ደባሱ ግን ከዘራቸውን ወደሱ ቀሰሩ።

“ይለካላትና ልቧ ይረፍ። ያለዚያ እንግዳው እግሩን ሲታጠብም ታዋክበናለች።”

ወንዴ ማሞቂያውን ሰካ። አምፖሉ እንደ ጠዋቱ ደከመ። ፀሐይቱ ከጧፍ ካርቶን አንድ ጎን ቀድዳ ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው። ወንዴ በርሜሉ ጋ ለካና መቶ ሰባ ስድስት አለ። ወደ ላይ ወጥቶ ከቆጣሪው ለካና ሁለት መቶ ሃያ ብሎ ጮኸ። ከዚያ የቴስተሩን መንጋጋ ከሽቦው ሁለት ክሮች አንዱን ብቻ አስነከሰውና ከረንቱን አነበበ፤ አሥራ ስድስት አምፔር። እየሳቀ ወረደ፤ በመጨረሻ ግን ሳቁ ቀጠን ብሎ ነበር፤ ሁለቱን የቮልት ቁጥሮች ራሱ ነው ያነበባቸው።

ፀሐይቱ ሁለቱን ቁጥሮች በካርቶኑ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጽፋ ቀነሰች። ከዚያ ወደ ወንዴ ሳይሆን ወደ አያ ደባሱ ዞረች።

“አያ፣ ከአንቱ ቤት ሁለት መቶ ሃያ ወጣ። በርሜሉ ጋ የደረሰው መቶ ሰባ ስድስት ነው። አርባ አራቱን ማን በላው?”

ጥያቄው ለአያ ደባሱ እንቆቅልሽ አልሆነባቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል በአጋሰስ ያስጫኑ ሰው ናቸው።

“እህል መንገድ ላይ ከጎደለ ጆንያውን ነው የማየው” አሉ። “ቀዳዳ አይጠፋውም።”

“ጆንያው ሽቦው ነው። የጎደለው ግን መሬት ላይ አልፈሰሰም። ሙቀት ሆኖ እዚያው ሽቦው ውስጥ ቀርቷል። መብራቱ ደክሞ አይደለም፣ መንገድ ላይ ተበልቶ ነው።”

ወንዴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አያ ደባሱ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ፀሐይቱ አርባ አራቱን በአሥራ ስድስት አባዛች፤ እንዳትሳሳት ሁለቴ አባዛችው፤ ሁለቴም ሰባት መቶ አራት መጣ። ሰባት መቶ አራት ዋት ሽቦው ላይ እየነደደ ነው ማለት ነው። ከሽቦው እኩሌታው ደግሞ ተጠቅልሎ አንድ ቦታ ተቀብሯል፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለቱ እዚያ ነው።

ቁጥሩን ስትናገር አያ ደባሱ ፊት ላይ ምንም አላየችም። ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት ለእሳቸው የበግ መንጋ ብዛት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጣሪያውን አምፖል አሳየቻቸው።

“ያ ባለ ስልሳ ዋት ነው። ሲበራ በእጅ አይያዝም። እንደሱ ያሉ ስድስት አምፖሎች በርተው ጭዱ ውስጥ ተቀብረዋል። በላያቸው ላይ ነው እንግዳ የምናስተኛው።”

አያ ደባሱ ተነሥተው ከዘራቸውን ለወንዴ አቀበሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሰሌኑን ገለጡ። ተንበርክከው ጭዱን በሁለት እጃቸው ፈለቀቁት። ማሞቂያው ከተሰካ ገና ሩብ ሰዓቱ ነው። እጃቸው ጥቅሉ ጋ ሲደርስ ፈጥነው መለሱት፤ ጣቶቻቸውን ነጠላቸው ላይ አሹ። ከተገለጠው ጭድ የፕላስቲክ ሽታ ወጣ፤ ሽቦዎቹ እርስ በርስ መጣበቅ ጀምረው ነበር።

ወንዴ ሮጦ ነቀለ። ሲመለስ፣ ጠዋት በርሜሉ ጋ ሲለካ እኮ ሙሉ ነበር አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ፀሐይቱ መንገዱን ያየኸው ማንም ሳይሄድበት ነው አለችው። ከዚህ በላይ አልተጫነችውም። እሷም በፍርሃት ስንት ጊዜ ተሳስታለች፤ እሱ በድፍረት አንድ ቀን ተሳሳተ።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ፀሐይቱም ታውቀዋለች፤ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው የቀረው፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ወንዴ ትርፉን ሠላሳ ሜትር ቆርጠን እንጣለው አለ። አያ ደባሱ የሟቹን ስለት በእሳቸው ሙሴነት አንድም ሰው እንደማይቆርጠው ተናገሩ። ፀሐይቱም መቁረጡን አልወደደችውም፤ የሷ ምክንያት ሌላ ነው። ቀጭን ሽቦ ቢያጥርም ያው ቀጭን ነው። በሠላሳው ሜትር የሚቀረው ሙቀት ከእኩሌታው አያንስም፤ እንዲያውም ማሞቂያው በርትቶ ከፊተኛው የበለጠ ከረንት ይስባል። አንዱን ክፉ በሌላ ክፉ መለወጥ ነው።

“እንግዲያስ አምፖሎቹስ?” አሉ አያ ደባሱ። “በጨለማ ልናሳድራቸው ነው? ይህ ሽቦ ዕድሜ ልኩን አምፖል ሲያበራ አንድ ቀን ግሎ አያውቅም።”

ጥያቄው ፀሐይቱ ሳትጠየቅ ራሷን ስትጠይቅ የቆየችው ነበር። ካርቶኑን ገለበጠች። አርባ አራቱን ለአሥራ ስድስት አካፈለች፤ ሁለት ነጥብ ሰባት አምስት ኦም። ይህ የሽቦው የራሱ ጠባይ ነው፤ ማሞቂያ ተሰካበት አምፖል ተሰካበት አይለወጥም። አምስቱ አምፖሎች እያንዳንዳቸው ስልሳ ዋት ናቸውና በድምሩ ሦስት መቶ ዋት ይሆናል፤ ለሁለት መቶ ሃያ ቢካፈል ከረንቱ አንድ ነጥብ አራት አምፔር ገደማ ነው። አንድ ነጥብ አራትን በሽቦው ሬዚስታንስ አባዛች፤ የሚጎድለው አራት ቮልት አይሞላም። የጎደለውን እንደገና በከረንቱ አባዛች፤ ሽቦው ላይ የሚቀረው ሙቀት አምስት ዋት ተኩል ብቻ ነው፤ እሱም በስልሳ ሜትር ላይ ተበትኖ። እስክሪብቶዋን አቆመች። ለአንድ ጊዜ እንኳ የምትፈራው ነገር ፈልጋ አጣች። ቢሆንም ጥቅሉ ከጭዱ ይውጣ፣ ከበሩ ርቆ ግድግዳ ላይ ላላ ተደርጎ ይንጠልጠል አለች።

“ታፈረ ሲሳል ለእንግዶቹ መብራት ነው ያለው” አሉ አያ ደባሱ ካርቶኑን ሳያዩ። “ውኃ አፍላ አላለም። እኛ ነን የጨመርንበት።”

ማሞቂያው ከበርሜሉ ጋር ወደ ቆጣሪው እንዲወጣ ፀሐይቱ ያቀረበችው ያኔ ነው። ማሞቂያው ከሆቴሉ ይዞት የመጣ ወፍራም አጭር ገመድ አለው፤ ቀጭኑን ሽቦ አይፈልግም። ግን እዚያም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መቶ ሰባ ስድስቱን ለአሥራ ስድስት አካፍላ የማሞቂያውን ሬዚስታንስ አሥራ አንድ ኦም አገኘች፤ ሁለት መቶ ሃያ ሲያገኝ ሃያ አምፔር ይስባል። ወንዴ የቆጣሪው ማጥፊያ ሃያ አምፔር ይችል እንደሆነ ራሱ ሄዶ ጽሑፉን አንብቦ እንዲነግራት ጠየቀችው። ሄደ፣ አነበበ፤ ሠላሳ ሁለት ይላል አለ። ገመዱንስ? እሱም ለሃያ አምፔር የተሠራ ነው አለ። ከዚያ ወንዴ ያልጠየቀችውን ጨመረ፤ ካርቶኑን ከእጇ ወስዶ ሃያን በሁለት መቶ ሃያ አባዝቶ አራት ሺህ አራት መቶ ዋት አገኘ። ታች ሲሠራ የነበረው ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ሦስት ሰዓት ሊፈጅ የነበረው ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል ሲል ዓይኑ በራ፤ ያፈረበትን የረሳው ያኔ ነው።

የቀረው መሸከሙ ነበር። የሞቀው ውኃ ሠላሳ ሜትር በቁልቁለት ወደ አዳራሹ በጄሪካን መውረድ አለበት። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ እግር እናጥብ ወይስ እንመላለስ ስትል ሌላዋ ለእቴ ምናልባት ፍርሃት ደግሞ ወገባችን ይቆረጥ አለች። ፀሐይቱ አልተከራከረችም። የመጀመሪያውን በርሜል እኔ ብቻዬን አወርደዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የወደደ ይርዳኝ አለች። እናቷን ተከትላ መጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ የነበረችው ማኅሌት ይህን ስትሰማ ከግድግዳው ተላቀቀችና ሁለት ጄሪካን አነሣች። እናቷ ልጅቷ የምትፈለገው አዳራሹ ውስጥ ነው ብላ አንዱን ከእጇ ወሰደችባት።

በርሜሉ ከላይ ተተከለ። ፀሐይቱ ውኃው እስኪሞቅ ከአጠገቡ አልራቀችም። በየጥቂቱ የወፍራሙን ገመድ ጎን በእጇ ጀርባ ትነካለች፤ ለብ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ አላለፈም። ሰው እንዳይቀርበው ድንጋይ ደርድራ ዙሪያውን ከለለችው። ወንዴ እንደ እረኛ ትጠብቀኛለች ወይ እንዳይል ፈርታ ነበር፤ እሱ ግን ተጨማሪ ድንጋይ አምጥቶላት ሄደ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል የጭነት መኪና ሰዎቹን ከታች አራገፈ። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ከአቧራ የተነሣ ሽፋሽፍታቸው ግራጫ የሆነ፣ መቋሚያ የያዙ፤ አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው። አያ ደባሱ በሩ ላይ ቆመው እንኳን በደኅና መጣችሁ እያሉ ተቀበሏቸው። የመጀመሪያዋ እንግዳ ትርሐስ የሚባሉ እናት ነበሩ፤ ከሰቆጣ ማዶ ተነሥተው ሁለት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በመኪና መጥተዋል። እግራቸው ተሰነጣጥቋል። ማኅሌት ሳፋውን አቅርባ በፊታቸው ተንበረከከች።

ፀሐይቱ ጄሪካኑን ዘንበል አድርጋ ቀዳች። ውኃው መንገድ ላይ ትንሽ ቀዝቅዟል፤ ከእንጨት ምድጃ ላይ ወዲያው ወርዶ እንደሚመጣው አልነበረም። እናት ትርሐስ እግራቸውን ሲነክሩ ፀሐይቱ ፊታቸውን አስተዋለች።

“ለብ ያለ ነው፣ ይቅር በሉን” አለች።

“የኔ ልጅ፣ ሦስት ቀን ውኃ ያልነካው እግር ምን ያማርጣል” አሉ እናት ትርሐስ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማኅሌት ተረከዛቸውን በእጇ ይዛ አጠበች፤ አጥባ ስትጨርስ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ሳመች። አሮጊቷ እጃቸውን በልጅቷ ራስ ላይ አድርገው ረጅም ምርቃት ጀመሩ።

ፀሐይቱ ምርቃቱ እስኪያልቅ አልቆየችም። ከበሩ ውጭ የተሰለፉትን በዓይኗ ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት ሴቶችና አራት ሽማግሌዎች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ውስጥ ገባ ብላ ሰሌኑን ገለጠች፤ እጇን ጭዱ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰዳ እስከ ማዶ ግድግዳ ድረስ እየዳሰሰች ሄደች። ጭዱ ቀዝቃዛ ነበር። ሰሌኑን መልሳ ዘረጋች።

ወደ ማኅሌት ዞራ ጋቢሽን አልጋዬ ላይ ትቼልሻለሁ፣ ሳይመሽ አምጪውና እዚሁ ከእናት ትርሐስ አጠገብ ተኚ አለቻት። ማኅሌት ውኃ በነካው እጇ ፀጉሯን ከግንባሯ መልሳ እሺ አለች። ፀሐይቱ ባዶውን ጄሪካን አንሥታ ዳገቱን ጀመረች፤ ከኋላዋ ሌላ ሴት ጄሪካን ይዛ ስትከተላት ሰማች፤ ሳትዞር እርምጃዋን ቀነስ አደረገችላት።